ሮም ተቀምጦ የት የት ይኬዳል? ከእናት ጋር፣ ያለ መኪና፣ በጽጌ ጾም

አንዲት አንባቢ የላኩት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በጥቅምት እኔና እናቴ ሮም የምትኖረው እህቴ ዘንድ አሥር ቀን እንቆያለን። ቫቲካንንና ኮሎሲየምን ማየታችን አይቀርም። ከዚያ በኋላ የት እንሂድ ስንል ሰው ሁሉ የሚነግረን ፖምፔ፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ጽጌንም ትጾማለች። መኪና መከራየት አንፈልግም። ጠዋት ወጥተን ማታ ቤት የምንገባበት፣ ሰልፍ የማይበዛበት፣ ግን ሄደን የማይቆጨን ቦታ ይኖራል?»

ሞልቷል። እንዲያውም ችግሩ መብዛቱ ነው። በሮም ዙሪያ እንግዳ ማስጎብኘት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ፣ ለእናትዎ ጉልበትና ለጾሙ የሚመቸውን መርጬ፣ የማይመቸውንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ወሩን ጥሩ መርጠዋል። በጥቅምት ሙቀቱ ለቋል፣ ብርዱ ገና አልገባም። ሮማውያን ራሳቸው በዚህ ወር ከከተማ ወጣ ብሎ መዋልን ከድሮ ጀምሮ ይወዱታል፤ «ኦቶብራታ» ይሉታል። ዝናብ ግን አይጠፋም፤ ጃንጥላ ይያዙ።

መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚወጡትን እናውጣ። ቬኒስ በፈጣኑ ባቡር እንኳ መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀኑ ባቡር ላይ አለቀ ማለት ነው። ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። ግን ከተማዋ ሁለት ሦስት ቀን ትፈልጋለች። ኡፊዚ በሚባለው ሙዚየሟ በር ላይ ተሰልፎ ውሎ መመለስ ለእናትዎ አይሆንም። ፖምፔ ድንቅ ነው፣ ክርክር የለም። ነገር ግን በፈጣን ባቡር ናፖሊ፣ ከዚያ በተጨናነቀ የአካባቢ ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ ጥላ በሌለው ሰፊ ፍርስራሽ ውስጥ በጎርባጣ ድንጋይ ላይ መራመድ ነው። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባለዋ መንደርም በፎቶ ምክንያት አሁን ሁሉም የሚሮጥባት ሆናለች። ያለችው ገደል አናት ላይ ነው። የሚገባባትም በረጅም ዳገታማ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። ይቅርባችሁ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምወስዳችሁ ፓለስትሪና ነው።

ከሮም በስተምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ተራራ ጎን ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ፕሬኔስቴ ነው። ሙዚቃ የሚወድ ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደራሲ በጆቫኒ ፒየርሉዊጂ ዳ ፓለስትሪና ያውቃታል፤ ትውልዱ እዚህ ነው። እኛን የሚያስኬደን ግን ሌላ ነገር ነው። ሙዚየሟ ውስጥ የአባይ ሞዛይክ አለ።

ሞዛይኩ ወደ ስድስት ሜትር ስፋት፣ ከአራት ሜትር በላይ ቁመት አለው። ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት ይበልጣል። በጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋይ የተሠራ ሲሆን መጀመሪያ የነበረው ዋሻ መሰል አዳራሽ ወለል ላይ ነው። አሁን ግድግዳ ላይ ቆሟል። የሚያሳየው የአባይን ወንዝ ነው፣ ከላይ እስከ ታች። ከታች ይጀምሩ። ግብፅ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ጀልባዎች ይንሳፈፋሉ፣ ጉማሬና አዞ ብቅ ይላሉ፣ ቤተ መቅደሶቹ ደሴት መስለዋል። ዓይንዎን ወደ ላይ ሲያነሱ ውሃው እየጠበበ፣ አገሩ ተራራና ድንጋይ እየሆነ ይሄዳል። አናቱ ላይ ጥቁር አዳኞች ቀስታቸውን ወጥረው አውሬ ያሳድዳሉ። ከብዙዎቹ እንስሳት አጠገብ ስማቸው በግሪክ ፊደል ተጽፏል። አውራሪስ አለ፣ ቀጭኔ አለ፣ አንበሳ አለ፣ ዝንጀሮ አለ። በየትም ጫካ የሌለ ፍጡርም አለ፤ ለምሳሌ የሰው ፊት ያለው አህያ። ሠሪው የታየውንም የተወራውንም አንድ ላይ ደባልቆታል።

ያ የላይኛው ክፍል የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው አገር ነው። እርግጥ እነሱ እንዲያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ፣ በተለይም የዛሬውን ሱዳን ማለታቸው ነበር። ስለዚህ ጣናን ወይም ጎጃምን ፈልገው አያገኙም። ቢሆንም ሮም አፍንጫ ሥር ቆሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ሰዎች የአባይን የላይኛውን አገር እንዴት ይስሉት እንደነበር ማየት ለእኛ ሰው ለየት ይላል። ሌላው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። የአገሬን ሰው ግን ከዚያ ግድግዳ ፊት ማስነሳት ሥራ ነው። አንዱ ቀጭኔውን ያሳያል፣ ሌላው «ይሄ ጅብ ነው» ብሎ ይከራከራል። ከታች የሚታየው ጎርፍ ከላይ ካለው ተራራ ክረምት የመጣ መሆኑን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ እናት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁሉም ክፍል የጥንቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቆራርጠው ወደ ሮም ወስደውት ነበር። በማመላለስ ተጎዳ፣ ተጠገነ፣ እንደገና ተገጣጠመ። ከታች በኩል በወይን ሐረግ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚጠጡ ሰዎችን ያያሉ። እሱ ክፍል ቅጂ ነው፤ ዋናው በርሊን ይገኛል።

ሕንፃውን ራሱንም አይለፉት። የባርቤሪኒ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ሲሆን የተሠራው በጥንታዊው የፎርቱና መቅደስ አናት ላይ ነው። ፎርቱና የዕድል አምላክ ነበረች። ሰው ዕድሉን ሊጠይቅ ይመጣል። አንድ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ ካለባቸው የእንጨት ዕጣዎች መካከል ያወጣለታል። በቃ፣ የተጻፈው ነው የሚሆነው። መቅደሱ ተራራውን በእርከን በእርከን ይወጣል። ለብዙ መቶ ዓመታት ቤት ተሠርቶበት ተሸፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ የተጣለው ቦምብ ቤቶቹን ሲያፈርስ እርከኖቹ ወደ ብርሃን ወጡ። ከላይኛው እርከን ሆነው ሲመለከቱ ሜዳው እስከ ባሕሩ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይታያል።

መንገዱ ቀላል ነው። ሜትሮ «ኤ»ን ይዘው መጨረሻው አናኒና ይውረዱ። ኮትራል የሚባለው ሰማያዊ የክልል አውቶቡስ ከዚያ ይነሳል። ወይም ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ በባቡር ዛጋሮሎ ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ሙዚየሙ የከተማዋ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዳገቱን በእግር አይሞክሩት። ታክሲ ያስጠሩ። ሲመለሱም ያው፤ የጉልበት ሕመም ቁልቁለት ላይ ነው የሚብሰው። ሞዛይኩ ያለው ላይኛው ፎቅ ነውና በር ላይ እንደደረሱ ስለ ሊፍት ይጠይቁ።

ሁለተኛው ኦርቪዬቶ ነው። ለእናትዎ ጉልበት ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። ከቴርሚኒ የክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። ከተማዋ ያለችው ቀጥ ብሎ የወጣ አለት አናት ላይ ነው፤ ግን መውጣቱ የእናንተ ሥራ አይደለም። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በገመድ የሚሳብ ትንሽ ባቡር አለ፤ ፉኒኮላሬ ይሉታል። አውጥቶ ያደርሳችኋል። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አውቶቡስ እስከ ካቴድራሉ በር ይወስዳል። ላይ ከወጡ በኋላ መንገዱ ብዙም አያስቸግርም።

ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1290 ተጀመረ። ጎኑ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ ተደራርቦበት ጥለት መስሏል። ፊቱ በወርቅማ ሞዛይክ ያበራል። ሰው ሁሉ አንጋጦ ሞዛይኩን ያያል። እናንተ ግን ዝቅ ብላችሁ በሮቹ መካከል ያሉትን አራት የድንጋይ ቅርጾች እዩ። ከፍጥረት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ ታሪኩ በሙሉ ተቀርጿል። አዳም ተኝቷል፣ እግዚአብሔር ጎንበስ ብሎ ከጎኑ አጥንት ይወስዳል። ቀጥሎ ሔዋን አለች። እናትዎ ያለ አስጎብኚ አንድ በአንድ ይነግሩዎታል፤ እንዲያውም እኔ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ እናቶችን አስወራለሁ።

ውስጥ በቀኝ በኩል የሳን ብሪዚዮ ጸሎት ቤት አለ። ሉካ ሲኞሬሊ እ.ኤ.አ. ከ1499 እስከ 1504 የዓለምን መጨረሻ የሳለበት ነው። ሙታን ከመሬት ውስጥ ክንዳቸውን ተደግፈው ይወጣሉ። ገና ሥጋ ያልለበሱ አፅሞችም አብረው አሉ። በሌላው ግድግዳ ሐሳዊ መሲሕ ከፍ ብሎ ቆሞ ይሰብካል። መልኩ ክርስቶስን ይመስላል። ከጀርባው ሰይጣን ወደ ጆሮው ተጠግቶ ያንሾካሹካል። እጃቸውን ልብ ብለው ይዩ። ከሐሳዊው ልብስ የወጣው እጅ የራሱ ይሁን የሰይጣኑ አይለይም። ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው።

ከፉኒኮላሬው ጣቢያ አጠገብ የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ የሚባል አለ። ይህ ለእርስዎ ነው፣ ለእናትዎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም በወታደር ስትዘረፍ ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ሸሽተው እዚህ ገቡ። ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳይቸግር ብለው ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል። ብልሃቱ ደረጃው ላይ ነው። እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ደረጃዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 248 እርከን። ውሃ ሊጭን የሚወርደው በቅሎ በአንዱ ይወርዳል፣ ጭኖ የሚመለሰው በሌላው ይወጣል። ፈጽሞ አይገናኙም። ብርሃን ደግሞ ከመሃሉ በ70 ያህል መስኮቶች ይገባል። በአንዱ መስኮት አሻግረው ሲያዩ ሌላው ሰው በተቃራኒው ደረጃ ሲወጣ ይታያል። መድረሻው ግን ሌላ ነው። እናትዎ ካፌ ቁጭ ብለው ይጠብቁዎት።

ስለ ምሳም እዚሁ ልንገርዎ። በጣሊያን ሬስቶራንት ትኩሱ ፓስታ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ደረቁ ፓስታ የለበትም። ኦርቪዬቶ ላይ ግን ኡምብሪኬሊ የሚባል ወፍራም በእጅ የተዳመጠ ፓስታ አለ፤ የሚቦካው በዱቄትና በውሃ ነው። በቲማቲምና በሚያቃጥል በርበሬ ያዝዙት፣ «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ። ያለ አይብ ማለት ነው። ፒሳ ከሆነ «ማሪናራ» ይዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ጎመንና ሽምብራ እንደልብ ይገኛል፤ ግን ሳይጠይቁ አይብሉ። የአሳማ ስብ ጣል የሚያደርጉበት አሉ። ሾርባም እንደዚያው። ኩሽናው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም። በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ካልበሉ፣ እስከ ማታ የሚያገኙት ሳንድዊች ነው። በነገራችን ላይ ማኪያቶ ብለው ቢያዙ የሚመጣው የአዲስ አበባው አይደለም። ጉንጭ የማይሞላ ቡና ላይ ጠብ ያለች ወተት ናት። እሱም ለእናትዎ አይሆንም፣ ጾም ነው። «ካፌ» ብቻ ይበሉ።

ሦስተኛ ቼርቬቴሪ። የሙታን ከተማ ነው፣ ግን ስሙን ሰምተው አይሸሹ። ከሮም በፊት በዚህ አገር ኤትሩስካውያን የሚባል ሕዝብ ነበር። ባንዲታቻ የሚባለው መቃብራቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አለ። መቃብሩን እንደ ቤት ነው የሠሩት፣ ለስላሳውን አለት ፈልፍለው። መንገድ አለው፣ የጋሪ ጎማ የቆረጠው ምልክት ሳይቀር ይታያል። ገብተው ሲያዩ ክፍል አለ፣ በር አለ፣ ጣሪያው ላይ ወራጅ እንጨት ሳይቀር ተቀርጿል። አልጋ አለ፣ ትራስ ጭምር ከድንጋይ። ላሊበላን ያየ ሰው ዓይኑ ቶሎ ይለምደዋል። የቅርጾች መቃብር የሚባለው ደግሞ ለብቻው ነው። በመስታወት ነው የሚታየው። ግድግዳው ላይ የቤት ዕቃው ሁሉ በቀለም ቅርጽ ተሰቅሏል፦ ገመድ፣ ቢላዋ፣ ድስት፣ ማንጠልጠያ፣ ከሥር ደግሞ ውሻ። ሟቹ እዚያም ቤት ሊያስተዳድር ነው።

ከተማው መሃል ባለው ሙዚየም አንድ ትልቅ የሸክላ ዕቃ አለ። ኤውፍሮኒዮስ የሚባል የግሪክ ሠዓሊ የሳለበት የወይን ማደባለቂያ ነው። በግሪክ ተረት በጦርነት የሞተው ጀግና ሳርፔዶን ደሙ እየፈሰሰ፣ እንቅልፍና ሞት ክንፍ አውጥተው ሲያነሱት ይታያል። ዘራፊዎች ከዚሁ አካባቢ መቃብር ቆፍረው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1972 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገዛው። ጣሊያን ለብዙ ዓመታት ተከራክራ በ2008 አስመለሰችው። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት አክሱም ላይ ተመልሶ ተተከለ። ሙሶሊኒ በ1937 አስነቅሎ ሮም ያቆመው፣ በ2005 በአውሮፕላን የተመለሰው ነው። ሮም ላይ የቆመበትን ቦታ ማየት ከፈለጉ ሜትሮ «ቢ»ን ይዘው ቺርኮ ማሲሞ ይውረዱ፤ ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ነበር። የተዘረፈ ቅርስ የማስመለስን ጣጣ ጣሊያን ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች። ቼርቬቴሪ ያለው አስጎብኚ ስለ ሸክላው በኩራት ሲያወራ እኔ ሁልጊዜ ሐውልቱን አነሳበታለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ወሬ ይለውጣል።

ወደ ቼርቬቴሪ ከኮርኔሊያ ሜትሮ ጣቢያ ኮትራል ይሄዳል። መቃብሩ ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ይላል። ታክሲ ይያዙ። ውስጡ መሬቱ ሣርና ድንጋይ ነው። እናትዎ ሁሉም መቃብር ውስጥ መውረድ የለባቸውም። ሁለት ሦስቱ ይበቃል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ይረፉ። ዝናብ ከጣለ ይተዉት፣ ደረጃው ያንሸራትታል።

እናትዎ ፍል ውሃ የሚወዱ ከሆነ ቪቴርቦ መሄድ ይቻላል። ከሮም ኦስቲየንሴ የሚነሳው ባቡር ዘገምተኛ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሰጠሁዎት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ አለ፤ ከምንጩ ሲወጣ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ጳጳሳትም ይታጠቡበት ነበር፤ የሚከፈልበት መዋኛ ያለው ቤት ስሙ «የጳጳሳት ፍል ውሃ» ነው። ጣሊያን ጠበል ቤት ልብስ ለብሶ አይገባም። የዋና ልብስና የራስ ኮፍያ ይያዙ፣ ሐፍረቱንም አስቀድመው ይንገሯቸው። ደም ግፊት ካለባቸው ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ።

ቪቴርቦ ጥሩ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1268 ጳጳሱ እዚያው ሞቱ። ካርዲናሎቹ ተሰብስበው ተተኪ መምረጥ አቃታቸው። አንድ ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት አለፈ። የከተማው ሰው ትዕግሥቱ አለቀና ቆለፈባቸው፣ ምግባቸውን ወደ ዳቦና ውሃ አወረደው፣ በመጨረሻ የአዳራሹን ጣሪያ ነቀለው። በ1271 ጎርጎርዮስ 10ኛ ተመረጡ። እሳቸውም ትምህርት ወስደው ምርጫው በዝግ በር እንዲሆን በሕግ ደነገጉ። ካርዲናሎች ዛሬም ሲስቲና ጸሎት ቤት የሚቆለፍባቸው ከዚያ ወዲህ ነው። አዳራሹ እንዳለ አለ።

ሱቢያኮን የማነሳው ከወንድም ወይም ከወጣት ጋር ቢመጡ ኖሮ ቀዳሚ አደርገው ስለነበር ነው። ገዳም ነው። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ500 ዓ.ም. አካባቢ ሦስት ዓመት የመነነበት ዋሻ ዙሪያ፣ ገደል ላይ ተጣብቆ የተሠራ። ግድግዳው ሥዕል ብቻ ነው። የአሲዚው ፍራንቸስኮ ገና በሕይወት ሳሉ እንደተሳለ የሚታመን ምስልም አለ፤ አክሊለ ብርሃን የለውም። ከታች ባለው የቅድስት ስኮላስቲካ ገዳም ደግሞ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1465 መጽሐፍ አትመዋል፤ በጣሊያን ከመጀመሪያዎቹ ነው። አውቶቡሱ ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ይነሳል። ግን ከከተማዋ እስከ ገዳሙ ያለው ዳገት፣ ከዚያም ውስጡ ያለው ደረጃ ለእናትዎ ጉልበት ከባድ ነው። በታክሲ እስከ በሩ ደርሰው ላይኛውን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይተው ቢመለሱም ይከፋል አልልም።

በዚህ መንገድ ላይ አፊሌ የሚል ምልክት ታያላችሁ። ድንገት ሲያዩት ግራ እንዳይገባዎት ብዬ ነው የምነግርዎ። ግራዚያኒ የተቀበረባት መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የመንደሯ አስተዳደር መታሰቢያ አቆመለት፣ ያውም በመንግሥት ገንዘብ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ የሆነው በእሱ ሥልጣን ሥር የተፈጸመ ነው። ኢትዮጵያውያንም ሕሊና ያላቸው ጣሊያናውያንም ተቃውመውታል። እንግዳ ይዤ አልሄድም። የሚጠይቀኝ ካለ ግን ምን እንደሆነ አስረዳለሁ።

ኦስቲያ አንቲካን እንደ መጠባበቂያ ይያዙት። የሮም ጥንታዊ ወደብ ነው፤ ፖምፔን ለሚመኝ ሰው ግማሽ ሰዓት ላይ ያለ ምትክ። ሮም ውስጥ ከጥንታዊው ፒራሚድ መሰል መቃብር አጠገብ ካለው ፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ፣ በተራ የከተማ ትኬት ይኬዳል። ፎቅ ቤቶች፣ መጠጥ ቤት ከነባንኮኒው፣ የሕዝብ ሽንት ቤት፣ የመርከብ ነጋዴዎች ቢሮ ደጃፍ ላይ የተሠራ የዝሆን ሞዛይክ፣ ሁሉም አለ። የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 ወደ አፍሪካ ለመመለስ መርከብ ስትጠብቅ ያረፈችው እዚህ ነው። መሬቱ ግን ጎርባጣ ነው። ግማሹን አይቶ መመለስ ነውር የለውም።

ካስቴል ጋንዶልፎ ከቴርሚኒ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሐይቅ፣ አየር፣ የጳጳሳት የበጋ ቤት። ቤተ መንግሥቱ ከ2016 ወዲህ ለጎብኚ ተከፍቷል። ከጣቢያው ዳገት አለው። አጠገቧ ያለችው አሪቻ ሙሉ አሳማ ጠብሶ በመሸጥ የታወቀች ስለሆነች ለእናንተ ምንም አታደርግላችሁም።

አሁን ትኬት። የወረቀት የክልል ባቡር ትኬት ከገዙ፣ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ያስመቱት። ሳያስመቱ ከተያዙ «አላወቅኩም» አይሠራም፣ ቅጣት ነው። የኮትራል ትኬት «ቲ» የሚል ምልክት ካለበት ሲጋራ መሸጫ አስቀድመው ይግዙ፤ የመመለሻውንም አብረው፣ ምክንያቱም ትንሽ ከተማ ላይ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ላዚዮ ክልል ውስጥ ለሚውሉበት ቀን «ቢርግ» የሚባል የቀን ትኬት አለ። የክልል ባቡር፣ ኮትራልና ሜትሮ በአንድ ላይ ያስኬዳል። ኦርቪዬቶ ሌላ ክልል ስለሆነች አትገባበትም። ሰሌዳው ላይ 13:00 ሲል የእኛ ሰባት ሰዓት መሆኑን እናትዎ ሰዓት ሲጠይቁዎት አይርሱ።

ቴርሚኒ ሲወጡ የሚያገኙት ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው። ሐውልታቸው ከጣቢያው ትንሽ እልፍ ብሎ አለ። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳም እዚያው ነበር የቆመው፤ ዛሬ ለገሃር ተመልሷል። ባቡር ለመጠበቅ ግማሽ ሰዓት ካለዎት የወታደሮቹን ሐውልት ሄደው ይዩት።

ከአሥሩ ቀን ሦስቱን ለዚህ ይስጡ፣ ከዚያ አያብዙ። ሰኞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነውና ሮም ውስጥ ይዋሉ። ማክሰኞ ፓለስትሪና፣ ሐሙስ ኦርቪዬቶ፣ ቅዳሜ አየሩን አይቶ ቼርቬቴሪ ወይም ኦስቲያ። እሑድ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ ለቅዳሴና ለእህትዎ ይተዉት። ዓርብን ዝም ብለው አይያዙት። የትራንስፖርት ሠራተኛው አድማ፣ እዚህ ሾፔሮ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ዓርብ ላይ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚነገር ሐሙስ ማታ እህትዎ ዜናውን ይዩላችሁ።